የደወሌው ማሽን የማን ልጅ ነው?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር አብዲ ሦስት ነገር አስረከቡኝ፦ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ እና ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተር። ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ጅጅጋ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ቀኔ ስለነበር የባጃጁ ሾፌር ቢሮውን ፍለጋ ከተማውን ሁለት ጊዜ አዞረኝ። በመጀመሪያው ቀኔ አርፍጄ ገባሁ።

መሥሪያ ቤታችን የእንስሳት መድኃኒትና ክትባት ያከፋፍላል። የማወራው ጥፋት የራሴ ስለሆነ የቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ዶክተር አብዲ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ የቅርንጫፉ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። የእኔ መደብ «ጀማሪ የሲስተም አስተዳዳሪ» ይባላል። መጋዘኖቻችን ስድስት ናቸው፦ ቱሊ ጉሌድ፣ ቀብሪ በያህ፣ ሽንሌ፣ ኤረር፣ አይሻ እና ደወሌ። በየመጋዘኑ ክትባት የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ። ከክፍሉ አጠገብ ሙቀቱን እየለካ የሚመዘግብ ትንሽ ሰርቨር ተቀምጧል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሰርቨሩ ራሱ ለመጋዘን ጠባቂውና ለእኔ መልእክት ይልካል። የእኔ ሥራ ጅጅጋ ተቀምጬ ስድስቱም በደህና መሥራታቸውን ማረጋገጥ ነው።

ይህን የምናደርገው ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ነው። ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ በተቆለፈ መስመር ገብቶ፣ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጡ ሆኖ ማዘዝ ማለት ነው። ጥቁር መስኮት ትከፍታላችሁ፣ የከተማውን ስም ትጽፋላችሁ፣ ማሽኑ ይመልሳል።

«ከማሽኑ በፊት ሰውየውን» አሉኝ ዶክተር አብዲ ደብተሩን እየገለጡ። ውስጡ የስድስት ጠባቂዎች ስልክ ቁጥር ነበር። «መጀመሪያ ደውዪ። ከዚያ ግቢ።»

ከአንድ ማሽን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገናኙ ኤስኤስኤች «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይቆምና የማሽኑን አሻራ ያሳያችኋል። አሻራው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። «ይሁን» ካላችሁ መዝግቦ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ በዚያው አድራሻ ሌላ አሻራ ያለው ማሽን ከቀረበ በትልልቅ ፊደል ያስጠነቅቃል። ብዙ ባለሙያ ሳያነብ «ይሁን» ብሎ ያልፋል። የእኛ ቤት ደንብ ግን ጥብቅ ነበር። አሻራው በወረቀት ታትሞ ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። እዚያ ያለው ሰው በስልክ ያነብላችኋል። ከገጠመ ትገባላችሁ፣ ካልገጠመ ትቆማላችሁ።

ድንበር ላይ ያለው የደወሌው መጋዘን ጠባቂ አዴር ሮብሌ ነበሩ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እዚህ አገር በዕድሜ የገፋን ሰው በባዶ ስሙ አንጠራም። በወጣትነታቸው በድሮው ባቡር ላይ ሠርተዋል። አማርኛውንም የፈረንጅ ፊደሉንም ያገኙት ከዚያ ነው። ደወልኩላቸው።

«ማነሽ?» አሉኝ።

«ሰናይት ነኝ፤ አዲሷ የሲስተም ባለሙያ።»

«የማን ልጅ?»

«የጌታቸው።»

«ጌታቸው የማን?»

«የወልዴ።»

«ወልዴስ?»

«የሀብቴ» አልኩና ቆምኩ። ከሀብቴ በላይ ማን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም።

«አለቀ? ሦስት ብቻ?» አሉና ሳቁ። «አባዮ፣ አንቺ እኮ ትናንት ነው የተፈጠርሽው!»

አባዮ እህቴ እንደማለት ነው። ኋላ እንደገባኝ ሊያሾፉብኝ አልነበረም። ሶማሌዎች አብቲርሲ ይሉታል፤ የአባትን አባት እየጠሩ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የማያውቁት ሰው ሲመጣ ይጠይቁታል፣ እሱም ይቆጥራል፣ የሚያውቁት ስም ላይ ሲደርስ ማንነቱ ይታወቃል። አዴር ሮብሌ እስከ ሃያ ድረስ ሳያቋርጡ ይቆጥሩ ነበር።

«አሁን እኔ ማሽኑን ልጠይቅ» አልኳቸው። «ማሽኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ያንብቡልኝ። ደወሌ ነኝ ብሏል፤ ደወሌ መሆኑን ማወቅ አለብኝ።»

«ሀዬ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ማሽኑም አባት ይቆጥራል በይኛ!» መነጽራቸውን ፈልገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ባቡር ላይ እንደተማሩት አነበቡልኝ። ገጠመ። ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋቴ በሙሉ በስልክ አለቀ። እዚህ አገር ስልክ አንስቶ «ማሽኑ ይሠራል?» ማለት አይቻልም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ዜና ይሰጣል፣ ዜና ይቀበላል። ሰላም ነው? ሰላም። ዝናብ አለ? አይሻ ጋ ትንሽ ጣለ። መንገዱስ? ፍየሎቹስ? የጉምሩኩ ሰልፍ ረዝሟል? እንዲህ እንዲህ እያልን አሥር ደቂቃ ይሄዳል። በስድስት አባዙት። ሁለት ሰዓት ተኩል የጀመርኩት አራት ሰዓት ላይም አያልቅም።

መጀመሪያ ሰሞን አንጀቴ ያርር ነበር። ቆይቶ ግን ገባኝ። ዜናው ውስጥ ሥራዬ ነበረበት። የኤረሩ ጠባቂ የልጃቸውን ሠርግ ሲያወሩ ጄኔሬተሩን ለዳሱ መብራት እንደተዋሱት ያመልጣቸዋል። የቱሊ ጉሌዷ ስለ አቧራው ሲያማርሩ የማሽኑ ማራገቢያ እንደታፈነ እረዳለሁ። ይህን ጥቁሩ መስኮት አይነግረኝም።

እንዲህ ስድስት ዓመት ሠራሁ። «ጀማሪ» የሚለው ቃል ከመደቤ ወረደ። ሶማሊኛዬ ገበያ ላይ ለመከራከር በቃ።

በ2017 መጨረሻ ላይ ዶክተር አብዲ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ሲመለሱ አዲስ መሣሪያ አስፈቅደው መጡ። ኤአይ ኤጀንት ይባላል። በተራ ቋንቋ ታዙታላችሁ፤ እሱ ትእዛዙን ወደ ማሽን ቋንቋ ለውጦ ይሠራል፣ ውጤቱንም መልሶ ይጽፍላችኋል። መመሪያ በፋይል ጽፌ ሰጠሁት፦ አንደኛ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ስድስቱንም ሰርቨሮች በኤስኤስኤች ሞክር። ሁለተኛ፣ የዲስኩን ቦታ እይ። ሦስተኛ፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ አቅርብልኝ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ስድስት ከተማ፣ ስድስት አረንጓዴ ምልክት። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ በአንዴ የራሴ ሆነ። ሻዬን ትኩስ እያለ መጠጣት ጀመርኩ። መደወሉን መጀመሪያ አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ጭራሽ ተውኩት።

አዴር ሮብሌ ራሳቸው ደወሉ። «አባዮ፣ ተጣላን እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም አዴር! አሁን የሚያይልን መሣሪያ መጥቶ ነው። እርስዎንም ከጭቅጭቄ ገላገልዎት።»

«መሣሪያው ዜና ይጠይቃል?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ የመብራት መዋዠቅ መጣ። በአንድ ወር ውስጥ የቱሊ ጉሌድና የቀብሪ በያህ ማሽኖች ተቃጠሉ፤ ሁለቱንም በአዲስ ተካሁ። አዲስ ማሽን አሻራው አዲስ ስለሆነ ኤጀንቱ እዚያ ሲደርስ ቆመ። «የዚህ ማሽን አሻራ ከተመዘገበው ተለውጧል። ከመቀጠሌ በፊት ያረጋግጡልኝ» ብሎ ጻፈ። ያን ሰሞን ማሽን ስጭን፣ ሳፈርስ፣ እንደገና ስጭን ስለነበር በየጠዋቱ ይኸው ሆነ። ሻዬ እየቀዘቀዘ ሄደ። ተናደድኩና መመሪያው ላይ ጨመርኩበት፦ አራተኛ፣ አሻራ ከተለወጠ የድሮውን ሰርዝ፣ አዲሱን ተቀበል፣ ቀጥል። አትጠይቀኝ።

ኤጀንቱ መለሰልኝ። «ይህን ካደረግኩ የተተካን ማሽን በዚያው አድራሻ ከሚመልስ ሌላ ማሽን መለየት አልችልም። ይቀጥል?»

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን «አዎ» እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ።

ሁለት ማሽን ስለተቃጠለብኝ ለደወሌ አስቀድሜ መጠባበቂያ ላዘጋጅ አልኩ። አንድ አዲስ ማሽን አምጥቼ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩ፤ የደወሌውን ቅጂ፣ አድራሻውን ሳይቀር፣ ጫንኩበት። መኪና ሲገኝ ይላካል ብዬ ነው። ሰኞ ጠዋት እንደገባሁ ማሻሻያ እንዲያወርድ የኔትወርክ ገመዱን ሰካሁለት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ኤጀንቱን አስነሳሁ። ስድስት አረንጓዴ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ አዴር ሮብሌ ደወሉ። ዜና አልጠየቁም። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

«ማሽኑ ሞቷል» አሉ። «ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ መብራቱ ብልጭ ብሎ መጣ። ማሽኑ ሸተተ። የማቀዝቀዣው ሞተርም ድምፁ የለም። ትናንት ደወልኩልሽ፣ ስልክሽ ዝግ ነው።»

እሑድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዘግቼው ሳልከፍተው ውያለሁ። ስክሪኔን አየሁ። ደወሌ፦ ተገናኝቷል።

«አዴር፣ ማሽኑ ይሠራል። አሁን ራሱ ውስጡ ነኝ።»

«የቱ ውስጥ?»

«የደወሌው ውስጥ።»

«እኔ አጠገቡ ነኝ» አሉ። «የምነካው ማሽን በድን ነው።»

«ማሽኑ ላይ ያለችው አምፖል ተቃጥላ ይሆናል። ሙቀቱ ቢጨምር ኖሮ ማሽኑ መልእክት ይልክልን ነበር። ሞተሩም ክፍሉ ሲበርድ ያርፋል።»

«ቴርሞሜትሩ ትናንት አራት ነበር። አሁን ሰባት ላይ ነው። ስምንት ካለፈ የፍየሉ ክትባት አይበላሽም?»

«ያ ቴርሞሜትር አርጅቷል አዴር። በሩን ብቻ እንዳይከፍቱ። ከከፈቱት ነው የሚበላሸው።»

«ሀዬ» አሉና ዘጉት። እሺ ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ የክትባት ቡድን ደወሌ ደረሰ። ቀዝቃዛው ክፍል ባዶ ነው። አዴር ሮብሌ ክትባቱን ብልቃጥ በብልቃጥ ቆጥረው፣ ሁለት የአገር ሽማግሌ ምስክር አድርገው፣ ከጉምሩኩ ፊት ለፊት ለስላሳ የምትሸጥ ነጋዴ ቤት ወስደውታል። ነጋዴዋ በሶላር የሚሠራ ፍሪጅ አላት፤ ለስላሳዋን አስወጥተው ክትባቱን ከተውታል። ቴርሞሜትሩንም አብረው።

የቡድኑ ሪፖርት ጅጅጋ ሲደርስ ግን አጭር ነበር፦ ጠባቂው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ክትባት ከመጋዘን አውጥቶ የግል ንግድ ቤት አስቀምጧል። በእኛ ደንብ ይህ ከሥራ ያሰናብታል። ዶክተር አብዲ አዴር ሮብሌን ወደ ጅጅጋ አስጠሯቸው፤ እኔንም ጠሩኝ።

«ማሽኑ ተቃጥሎ ነበር ይላሉ» አሉኝ። «ተቃጥሎ ነበር?»

«የሰኞም የማክሰኞም ውጤት ተገናኝቷል ይላል።»

«አትሚውና አምጪ። ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል።»

አተምኩት። አንድ ገጽ ነው። ወረቀቱ ገና ከማተሚያው እንደሞቀ እጄ ላይ ይዤው፣ የስድሳ ምናምን ዓመት ሰውዬ በዚህ አንድ ገጽ ሊባረሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ቅር አለኝ። ግን አመንኩት፤ መሣሪያው አይዋሽማ።

ሐሙስ ጠዋት አዴር ሮብሌ መጡ። ከደወሌ በድሬዳዋ አድርገው ሲጓዙ አድረው፣ ልብሳቸው አቧራ ጠጥቶ፣ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ታቅፈው። ዶክተር አብዲ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እኔ ክፍል ተቀመጡ። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። የማሽኑ የኃይል ሳጥን ነው። ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

«ይሄ የማነው?» አሉኝ።

ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። በራሴ የእጅ ጽሑፍ «ደወሌ» የሚል ተለጥፎበታል። የኃይል ሳጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ደወሌ እንዴት ነው ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ የሚሆነው?

ኤጀንቱን አዘዝኩት፦ የደወሌን ማሽን አጥፍተህ አስነሳ።

እግሬ ሥር ማራገቢያው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ «ጢጥ» አለና እንደገና ተነሳ።

አዴር ሮብሌ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ኤጀንቱን ጠየቅኩት፦ የደወሌ አሻራ ተለውጦ ነበር? ወዲያው መለሰ። «አዎ። ሰኞ ጠዋት ተለውጦ አገኘሁት። በመመሪያ አራት መሠረት የድሮውን ሰርዤ አዲሱን ተቀብያለሁ። በመዝገቡ ላይ አስፍሬዋለሁ።» መዝገቡን ከፈትኩት። ተጽፏል። ከሠንጠረዡ በታች ያለውን አንብቤ አላውቅም ነበር።

እሑድ እውነተኛው ደወሌ ተቃጠለ። ሰኞ ጠዋት ገመድ የሰካሁለት ቅጂ በደወሌ አድራሻ መለሰ። ማሽኖቹን የሚለያቸው አሻራው ብቻ ነበር፤ አሻራውን አትጠይቅ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ይቅርታ አዴር» አልኩ።

የኃይል ሳጥኑን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ እየከተቱ መለሱልኝ። «በማሽኑ አልተናደድኩም። ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ዜና ሰጥቼሻለሁ። አንድ ቀን ውሸት ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ሰኞ ለምን አልሰማሽኝም?»

ተነስቼ መዝገቡን አተምኩት።

ዶክተር አብዲ ከስብሰባ ሲወጡ ሦስታችንም ቢሯቸው ገባን። መዝገቡን፣ መመሪያ አራትን፣ «አዎ» ያልኩባትን መስመር አሳየኋቸው። በሩን እንዳይከፍቱ ያልኳቸውም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የስንብቱ ደብዳቤ ፊታቸው ነበር፤ ያልተፈረመ። ለሁለት ቀደዱት።

«አዴር፣ እርስዎን ባንሰማዎትም ክትባቱ ድኗል» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ለራስሽ ማስጠንቀቂያ ጽፈሽ አምጪ። እፈርመዋለሁ። ምክንያቱን በዝርዝር ጻፊው፤ ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያነበዋል።»

ጻፍኩት። ማኅደሬ ውስጥ አለ። ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ከስምንት አላለፈም ነበር፤ በሳምንቱ አይሻ ዙሪያ ላሉ ፍየሎች ተሰጠ።

ማቀዝቀዣው ሲጠገን ጠረጴዛዬ ሥር የነበረው ማሽን በመኪና ደወሌ ሄደ። ከመላኬ በፊት አሻራውን አትሜ ላዩ ላይ ለጠፍኩት፤ መመሪያ አራትንም፣ ኤጀንቱ ሳይጠይቅ የመዘገበውን የደወሌ አሻራም ሰረዝኩ። ሌላም አንድ ነገር አደረግኩ፦ ደብረ ብርሃን አባቴ ጋ ደውዬ የሀብቴ አባት ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። አባቴ ገርሞት ታላቅ ወንድሙን ጠየቀ፤ በሁለት ቀኑ ስሞቹን በወረቀት ጽፎ ፎቶ ላከልኝ።

ማሽኑ በደረሰ ጠዋት ኤጀንቱ ደወሌ ላይ ቆመ። «ይህን ማሽን አላውቀውም። አሻራውን ያረጋግጡልኝ።» ስልኩን አነሳሁ።

«ማነሽ?» አሉ አዴር ሮብሌ። ቁጥሬን ስልካቸው ላይ ያውቁታል። ድምፄንም ያውቁታል።

«ሰናይት።»

«የማን ልጅ?»

«የጌታቸው፣ የወልዴ፣ የሀብቴ፣ የደስታ፣ የወንድይራድ፣ የክፍሌ፣ የገብረ ማርያም።»

በስልኩ ውስጥ የባቡር ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ሰባት» አሉ። «ሀዬ። አሁን ጻፊ።» መነጽራቸውን አደረጉና ፊደሉን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ።

ኤጀንቱን ዛሬም በየጠዋቱ እጠቀምበታለሁ፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው። እሱ ሲጨርስ እደውላለሁ። አረንጓዴ ምልክት አንድ ማሽን መለሰ ማለት ነው፤ የትኛው እንደመለሰ አይናገርም። ማሽኑ አጠገብ የቆመ ሰው «ማሽኑ ሞቷል» ካላችሁ መጀመሪያ የምትመረምሩት የራሳችሁን ስክሪን ነው።